ከራሱ ጎተራ ድርጎ ያመጣ ጥላ ያዥ

አንድ የንጉሥ ጥላ ያዥ... ካካካካ! ውይ፣ ቆይ! ቆዩኝ እስቲ ሳቄን ልዋጠው። ገና ሥራውን ስጠራ ሆዴን ያመኛል። እናንተ ደግሞ አሁን አትሳቁ፤ የሚያስቀው ገና ነው። ከሚያስቀው ቀጥሎ ያለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ እሱን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። እየዘለላችሁ እንዳታነቡብኝ!

አንድ የንጉሥ ጥላ ያዥ ነበር፤ ሰጥአርጌ ይባላል። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ንጉሡ ወደ አደባባይ ሲወጡ ከኋላቸው ሆኖ ያንን የወርቅ ዘርፍ ያለውን ጥላ ከራሳቸው በላይ መያዝ። ንጉሡ ሲቆሙ ይቆማል፤ ሲሄዱ ይሄዳል፤ ፀሐይ ስትዞር እሱም ይዞራል። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ኖሮ ቀኝ ትከሻው ከግራው ከፍ ብሎ ቀረ። ልብስ ሰፊው እንኳ የሱን እጀ ጠባብ ሲሰፋ "የትኛውን ትከሻህን ልለካ?" እያለ ይቀልድበት ነበር አሉ።

በዚያ ዘመን የቤተ መንግሥት ሰው የሚኖረው በድርጎ ነው። በየእሑዱ ከንጉሡ ግምጃ ቤት ስንዴው፣ ማሽላው፣ ማሩ፣ ቅቤው ተሰፍሮ በአህያ ተጭኖ ይሰጠዋል። እሱ ራሱ ምሳውን ከንጉሡ ግብር ላይ ይበላል። ቤቱ ሲገባ ጠግቦ ነው።

ሚስቱ የሺመቤት ዝም ብላ የምትበላ ሴት አልነበረችም። ድርጎው ከሚበሉት ይተርፋል። የተረፈውን ስንዴ ነቀዝ እንዳይገባበት በአመድ ታሸውና የደረቀ በርበሬ ፈርፍራ ትጨምርበታለች፤ ከዚያ ከጓሮ ባለው ትልቅ ጎተራ ውስጥ ትከተዋለች። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረገች። ጎተራው ጢም ሲል አፉን በጭቃና በእበት መርጋ ደፈነችውና ልጆቿን ሰብስባ፣ "ይሄ የክፉ ቀን ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ እንጂ ማንም እጁን አይሰድበትም" አለች። ልጆቹ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ትልቋ አስካለ ትባላለች።

ጎበዝ አይደለችም? ጎበዝ ናት እንጂ! እስከዚህ ድረስ አንድም ስህተት አላወጣባትም።

ክፉው ቀንም መጣ። ግን ለቤቱ የነገረው የለም። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌው ንጉሥ አረፉ። ልጃቸው ነገሠ። ጎረምሳ ነው፤ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ። የመጀመሪያ ቀን ወደ አደባባይ ሲወጣ ሰጥአርጌ እንደ ልማዱ ጥላውን ዘርግቶ ከኋላው ቆመ። ንጉሡ ቀና ብሎ አየና፣

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"ጥላዎ ነው፣ ንጉሥ ሆይ።"

"እኔ ቅቤ ነኝ ፀሐይ የሚያቀልጠኝ?"

መኳንንቱ ሳቁ። ሰጥአርጌ ጥላውን ሳያወርድ ጠየቀ።

"ታዲያ እኔ ምን ልሁን፣ ጌታዬ?"

"አሥራ ሁለት ዓመት ቆመሃል አሉ። በል አሁን ሂድና ተቀመጥ!"

ያን ጊዜማ አደባባዩ በሳቅ ተናጋ። ሰጥአርጌ ጥላውን አጠፈ፣ አስረከበ፣ ወጣ። በሩ ላይ ሆኖ ሳቁ ይሰማዋል። ቁልቁለቱን ሲወርድ ይሰማዋል። ወንዙን ሲሻገር፣ ከዚያ ሩቅ እንኳን ሳቅ መድፍም አይሰማም፣ እሱ ግን ይሰማዋል።

መንደራቸው ከቤተ መንግሥቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ በመሃል ተራራ አለ፣ ወንዝ አለ። ስለዚህ ያን ቀን የሆነውን በመንደሩ ያወራ አልነበረም።

የሺመቤት እንደ ሁልጊዜው ደጅ ድረስ ወጥታ ተቀበለችው። በዚያን ጊዜ ሚስት ባሏን አንቱ ነው የምትለው፤ እሷም እንዲያ ነበረች።

"እንዴት ዋሉ? አዲሱ ንጉሥስ እንዴት ናቸው?"

አፉን ከፈተ። ልጆቹ ዙሪያውን ከበው ሊሰሙ ቋምጠዋል። በዚያች ደቂቃ የአደባባዩ ሳቅ ጆሮው ላይ መጣበት።

"ደኅና ናቸው" አለ።

በቃ! ጉዱ በዚያች በአንዲት ቃል ተጀመረ። ማታ ልንገራት አለ፤ አልነገራትም። ሲነጋ ልንገራት አለ፤ ሲነጋ ነጭ ልብሱን አጥባ አጣጥፋ ሰጠችው፤ ለብሶ ወጣ። ወዴት ይሂድ? ወንዙ ጋ ሲደርስ ሳይሻገር ወደ ግራ ታጠፈና አንድ ራሰ በራ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ንጉሡ ተቀመጥ ብሎት የለ!

ቀኑን ሙሉ እዚያ ዋለ። በማግሥቱም። በሦስተኛውም ቀን።

እሑድ ሲደርስ ግን ነገር መጣ። ድርጎ ከየት ይምጣ? ልጆቹ በር በሩን ያያሉ። ይኸኔ ነው እንግዲህ የሰው ልጅ ተንኮል የሚሠራው። የሺመቤትና ልጆቿ ቅዳሴ ሲሄዱ ጠብቆ በጓሮ በኩል ገባ። ጎተራ ከታች በኩል ትንሽ ማውጫ አለችው፤ በጭድ ተወትፋ ነው የምትቀመጠው። ውታፏን ነቀለ፣ ስልቻውን ሞላ፣ መልሶ ወተፈ። ከላይ ያለው ምርጊት አልተነካ። ስልቻውን ተሸክሞ ጫካ ገባ፤ ከሰዓት በኋላ እስኪሆን እዚያው ቁጭ አለ፤ ከዚያ ላቡን እየጠረገ በፊት ለፊት በር መጣና፣

"እነሆ የንጉሥ ድርጎ!" አለ።

ካካካካ! በጓሮ አውጥቶ በፊት ለፊት አስገባው እኮ ነው የምላችሁ! ልጆቹ ዘለሉ። የሺመቤት ስልቻውን ተቀበለችና፣

"ምነው በጀርባዎ? አህያው የት ሄዶ ነው?"

"አህዮቹ ዘመቻ ወጥተዋል።"

"ማሩስ? ቅቤውስ?"

"ሁዳዴ ነው እኮ። አዲሱ ንጉሥ ጾመኛ ናቸው፤ ግምጃ ቤቱን ቆልፈውታል።"

"አቤት መታደል! ለሀገሩ መልካም ነው" አለች። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ከሽማግሌው ንጉሥ የተሸለመውን የክብር ካባ ወንዝ ማዶ ወስዶ ሸጠና በዚያ ማርና ቅቤ ገዝቶ መጣ። ካባው የት ሄደ ስትለው "አዲሱ ንጉሥ ጌጥ አይወዱም" አላት። ምስኪን ንጉሥ! ያላደረገው ሁሉ በሱ ተላከከ።

እንግዲህ ልብ በሉ። የሺመቤት ቤቷን ስታይ ምን ታያለች? ጎተራው ተደፍኗል፣ ሙሉ ነው። ድርጎው በየእሑዱ ይመጣል። ታዲያ ለምን ትሰስት? ደጃፏ ላይ የቆመ ለማኝ በስፍር አይሰፈርለትም። እንግዳ መጥቶ ሳያድር አይሄድም። በማኅበራቸው የአንዲት ባልቴት ተራ ደርሶ ጽዋውን ማውጣት ቢያቅታት የሺመቤት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ "እኔ እወጣላታለሁ!" አለች። ቤት መጥታ ለባሏ ነገረችው።

"ምን ቸገረን? አይደለም እንዴ?"

"ምን ቸገረን" አለ እሱም።

ለዚያ ድግስ አንድ ስልቻ የሚበቃ አልሆነም። በዚያ እሑድ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ሦስት ስልቻ አወጣና "ንጉሡ ማኅበር እንዳለሽ ሰምተው ጨመሩልሽ" አላት። የማኅበሩ ሴቶች ለንጉሡ እልል አሉለት! በገዛ ስንዴዋ! ወይኔ!

እሺ። አሁን ሳቁን ትንሽ ዋጥ አድርጉልኝ። ስለ ኮረብታው ልንገራችሁ።

ኮረብታው ላይ ሰው አይወጣም። ዛፍ የለበት፣ ውሃ የለበት፣ ከብት የሚጠራ ሣር እንኳ የለበት። ከዚያ ሆኖ ግን መንደሩ ይታያል። ሰጥአርጌ የገዛ ቤቱን ጭስ እያየ ይውላል። ነፋስ ወደሱ ሲነፍስ የትንሿ ልጁ ድምፅ ይሰማዋል፤ ነፋሱ ሲዞር ይጠፋል። ሩቅ አገር ያለ ሰው ቢናፍቅ ምን ይደንቃል? እሱ ግን ቤቱን እያየ፣ በእግሩ ቢሄድ ፀሐይ ሳትዞር የሚደርስበትን ቤት እያየ ነው የሚናፍቀው። የሚሄድ መንገደኛ ካየ ይጎነበሳል። ጓደኛ አጣ። አንዲት እንሽላሊት ድንጋዩ ላይ ፀሐይ ልትሞቅ ትመጣለች፤ ከሷ ጋር ሰላምታ ጀመረ። "እንዴት አደርሽ? እኔማ ዛሬም አልነገርኳትም" ይላታል። ሦስት ወር ሙሉ ለሰው የተናገረው ውሸት ብቻ ነበር፤ እውነቱን የሰማችው እንሽላሊቷ ብቻ ናት።

ደግሞ ረሃቡ አለ። የንጉሥ ጥላ ያዥ ከግብር በልቶ ነው የሚመጣው ብያችሁ የለ? ታዲያ ቤቱ ሲገባ እንዴት ይብላ? መሶቡ ይቀርባል፣ ልጆቹ ይከባሉ፤ እሱ ራቅ ብሎ መደብ ላይ ይቀመጣል።

"ትንሽ አይቀምሱም?" ትለዋለች።

"ጠግቤ ነው የመጣሁት።"

ወጡ ይሸተዋል። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እሷ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ከመሶቡ የቀረችውን ቁራሽ ፈጥኖ ይጎርሳል፤ ኮቴዋን ሲሰማ ሳያላምጥ ይውጣታል። ቀን ደግሞ ኮረብታው ላይ ከስልቻው ቆንጥሮ የያዘውን ጥሬ ስንዴ ይቆረጥማል።

"ምነው እንዲህ ከሱ?" አለችው አንድ ቀን። "ንጉሡ ምን ቢያበሉዎት ነው?"

"ከስቼ አይደለም፤ ረዝሜ ነው" አላት።

አያችሁ? እሷም ሳቀች፣ እሱም ሳቀ፤ ሁለቱም ለየብቻቸው። እሷ ዝም ማለቱን፣ ግድግዳ ማየቱን ታስተውላለች። የቤተ መንግሥት ሰው ሆኖ ንቆኛል ብላ እሷም ዝም አለች። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ብቸኛ ሰው!

ጉዱ የተገለጠው በማስነጠስ ነው። አስካለ ናት እህሉን የምትለቅመው። ከየካቲት ጀምሮ ሰፌዱን ባነሳች ቁጥር እጥሽ! እጥሽ! "እማዬ፣ የንጉሡ ስንዴ ያስነጥሰኛል" ትላለች። እናት ሆዬ "ጉንፋን ነው" ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ትግታታለች። ልጅቷ ሦስት ወር ዳማከሴ ጠጣች!

በግንቦት አጋማሽ አንድ ቀን አስካለ እንጨት ለቀማ ሄዳ የሺመቤት ራሷ ሰፌዱን ያዘች። አንዴ ስታበጥር፣ እጥሽ! ሁለተኛ፣ እጥሽ! ቆመች። እፍኝ ስንዴ አንስታ ወደ ብርሃን አቀረበች። አመድ። የበርበሬ ቅርፊት። "የንጉሥ ግምጃ ቤት ከመቼ ወዲህ ነው ስንዴ በበርበሬ የሚያሽ?" አለች። "ይሄ እኮ የኔ እጅ ነው!"

ወደ ጓሮ ሮጠች። ምርጊቱ ሙሉ ነው፣ እንደ ደፈነችው። በጡጫዋ የጎተራውን ሆድ መታችው፤ እንደ ከበሮ ጮኸ። ዝቅ አለችና መታችው፤ ጮኸ። ዝቅ፣ ዝቅ እያለች ጉልበቷ ጋ ስትደርስ ነው ጎተራው ድምፁ የጠፋው። ሦስት ዓመት የሰበሰበችው እህል ከጉልበቷ በታች ደርሷል። ክረምት ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ አዲስ እህል እስኪመጣ ስድስት ወር አለ፤ ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች አሉ።

መጀመሪያ ምን አሰበች? "ሌላ ሴት አለችው!" አለች። ከዚያ ቆም ብላ፣ "ቆይ፣ ሌላ ሴት ካለችው ስንዴው ለምን ተመልሶ ወደኔ ይመጣል? ሌባ ሰርቆ ለባለቤቱ ያበላል እንዴ?" ነገሩ አልገባ አላት። በማግሥቱ ጧት ልብሱን ሰጠችው፣ ሸኘችው፣ ነጠላዋን ተከናንባ በሩቁ ተከተለችው።

ወንዙ ጋ ታጠፈ። ኮረብታው ላይ ወጣ። እሷም ከአንድ ቋጥኝ ኋላ ተደበቀች። ሴት ትመጣለች ብላ ስትጠብቅ እንሽላሊት መጣች። ሰላም ሲላት ሰማች። ከልብሱ እጥፋት ጥሬ ስንዴ አውጥቶ ሲቆረጥም አየች።

ቀትር ሆነ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ሰጥአርጌ ከተቀመጠበት ተነሣ። ቀኝ እጁ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ ጭብጡን ጨብጦ ከፊቱ ካለው ባዶ ስፍራ በላይ ያዘው። ጥላ የለም። ንጉሥ የለም። አሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ሰዓት ወደ ላይ የወጣ እጅ ነው፤ መውጣት እንጂ መቅረት አያውቅም። ፀሐይ ትንሽ ስትዞር እሱም አንድ እርምጃ ዞረ።

የሺመቤት ሳቋ መጣ። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆነ፤ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ ከቋጥኙ ወጣች። አልጮኸችም። አልሮጠችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ከእጁ ሥር፣ ንጉሡ በሚቆሙበት ቦታ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሰውየው እንደ ድንጋይ ደረቀ። እጁን ማውረዱንም ረሳው። ቀና ብላ አየችውና፣

"ትንሽ ወደ ግራ አድርገው፤ ፀሐይ ገባብኝ" አለችው።

አንተ አለችው! በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ። እሱም እጁን ወደ ግራ አደረገላት። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ንጉሡ ከነገሡ ጀምሮ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ሳቁብኝ።"

"እኔ እስቅብህ ነበር?"

"ደጅ ወጥተሽ ስትቀበይኝ ጥላ ያዡን ነበር የምትቀበይው። ባዶ እጁን ለሚመጣው ሰው ትወጪለት እንደሆነ አላወቅኩም" አላት።

እጁን ይዛ አስነሣችው፤ ወደ ቤት ወረዱ።

ቤት ሲደርሱ ልጆቹን ጠራች። ምርጊቱን በመጥረቢያ እጀታ ሰበረችውና አንድ በአንድ እያነሣች ወደ ታች አሳየቻቸው። "እዩ። ያለን ይሄ ነው። ድርጎ ቀርቷል። የአባታችሁ ሥራ ቀርቷል።" ትንሿ ልጅ "እንሞታለን?" አለች። "አንሞትም። ግን ከዛሬ ጀምሮ በቀን ሁለቴ ነው የምንበላው፤ ስንዴውንም በጎመን ነው የምናበዛው" አለች እናት። አስካለ ሰማችና፣ "ዳማከሴውስ ይቀራል?" አለች። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ቤቱ ሳቀ። ከየካቲት ወዲህ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።

በሳምንቱ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ሰጥአርጌን ይዛው ሄደች። "አንተው ንገራቸው" አለችው። ቆመ። ነገራቸው፤ ስልቻውን፣ ጓሮውን፣ ዘመቻ የሄዱትን አህዮች፣ ሁሉንም። ሳቁበት! ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁበት። አንዱ "ጌታው፣ ለኔም ከጎተራዬ ድርጎ ያምጡልኝ እንጂ!" አለው። ሰጥአርጌ ግን ቆሞ አሳለፈው። የፈራው ሳቅ መጣ፣ እንደ ግንቦት ዝናብ ወረደ፣ አባራ፤ እሱ እንደ ቆመ ነው።

ሳቁ ሲያልቅ ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር፤ አያ ብሩ። አያ ብሩ ንጉሡ የሚረግጡትን ምንጣፍ አንጣፊ ነበር። ተነሣና፣ "አንተን ሲያባርሩህ እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ከሳቁትም አንዱ ነኝ" አለ። "በሳምንቱ እኔን አባረሩኝ። ንጉሡ በአፈር ልሂድ አሉ። እስከ ዛሬ ለሚስቴ አልነገርኳትም።"

ሚስቱ ከሴቶቹ መሃል ብድግ አለች። "ታዲያ ቀን ቀን የት ነው የምትውለው?"

"ያ ራሰ በራው ኮረብታ ላይ።"

"የትኛው?" አለ ሰጥአርጌ። "እኔ እኮ እዚያ ነበርኩ!"

"አንተ በዚህ በኩል ነበርክ። እኔ በወዲያኛው በኩል ነበርኩ። ከንጋት እስከ ማታ በጫፉ ብቅ እያልኩ አይህ ነበር፤ ብጠራህ ምን ታደርጋለህ እዚህ እንዳትለኝ ፈርቼ ተውኩት።"

ካካካካ! አንድ ኮረብታ! ሁለት ሰው! ሦስት ወር! አንዱ ከእንሽላሊት ጋር ያወራል፣ ሌላው ምናልባት ከቁራ ጋር። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስቃለሁ።

ክረምቱ እንዴት አለፈ ካላችሁ፣ በረሃብ ነው ያለፈው። አላስዋብነውም። ሁለቱ ሰዎች አብረው የሰው እርሻ አረም አረሙ። የሺመቤት ጥጥ ፈተለች። ነሐሴ ላይ ጎመን ብቻ የበሉባቸው ቀናት ነበሩ። እህሉ ሰዓቱ ሲደርስ ሁለቱ ማማ ላይ ወጥተው ወፍና ዝንጀሮ ጠበቁ፤ በኅዳር ዋጋቸውን በእህል ተቀበሉ። ሁሉም በሕይወት ወጡ። ግን ስሙኝ፤ ሰጥአርጌ በየካቲት "ቀርቷል" ብሎ ቢሆን ኖሮ ያ ጎተራ ቆጥበው ቢበሉት እስከ ኅዳር ያደርሳቸው ነበር፤ ለባልቴቷም ይተርፋት ነበር። እነሱ ግን የክፉ ቀኑን እህል የደግ ቀን መስሏቸው በሉት።

እንግዲህ ትምህርቱን አሁን ልናገር፤ ለመጨረሻ የሚሆን ሌላ ነገር ስላለኝ። ቤትን ለክፉ ቀን ማዘጋጀት ማለት ጎተራ መሙላት ብቻ አይደለም። ጎተራው ሙሉ ነበር። ያልተዘጋጀው አፋቸው ነው። እናንተም ስትችሉ ጎተራችሁን ሙሉ፤ ደፍናችሁ ስለ ተዋችሁት ግን ሙሉ ነው አትበሉ፤ አልፎ አልፎ ሆዱን በጡጫ ምቱት። ከሁሉ በፊት ደግሞ በደኅናው ቀን፣ ጠግባችሁ ሳላችሁ፣ ተማማሉ፤ የሚያመጣው ሰው ያጣ ቀን ሳያድር ይናገር፤ የሰማውም ሰው አይሳቅበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ደሞ አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ፤ ከናንተ ቤት በየጧቱ ልብሱን ለብሶ የሚወጣው ሰው ዛሬ የት እንደ ዋለ ታውቃላችሁ? ባዶ እጁን ቢመጣስ ደጅ ወጥታችሁ እንደምትቀበሉት ያውቃል?

አሁን ያልኳችሁን ላምጣው። በኅዳር፣ የአዲሱ እህል የመጀመሪያ እንጀራ የቀረበ ቀን፣ ልጆቹ በልተው ከወጡ በኋላ ሰጥአርጌ ሚስቱን "ኮረብታው ላይ ስታገኚኝ ለምን አልተቆጣሽኝም?" ብሎ ጠየቃት። የሺመቤት መሶቡን ወደሱ ገፋ አደረገችና እንዲህ አለችው፦

"ተቆጥቻለሁ እንጂ! ስለ ጎተራው ግን አይደለም፤ ጎተራ ይጎድላል፣ ይሞላል። እኔ እዚህ ተቀምጬ ስበላ አንተ አጠገቤ ሆነህ ሦስት ወር ብቻህን ተራብክ። እሱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩህም። በል አሁን ብላ።"